ለጠማማው ኳስ ምርቃት

ኤልስፎርድ፣ ካንሳስ
ፌብሩዋሪ 16 ቀን 1986

ለተከበሩ አክስቴ ኦሊምፒያ፣

ከሁሉ አስቀድሞ ይባርኩኝ። እርስዎ፣ ጉልበትዎና የስፌት መኪናዎ፣ ሦስታችሁም ደህና እንደሆናችሁ ተስፋ አደርጋለሁ። እኔ ጆሮዬን ከሚበርደኝ በቀር ምንም አልሆንኩም።

የቤዝቦል ቡድናችን ስም «ፌንጣዎቹ» ነው። አይሳቁ፤ እዚህ ማንም አይስቅም። አሰልጣኛችን ሚስተር ስቴግማን ቡድን ከመያዙ በፊት አሳማ ያረባ ነበር፤ ዛሬም ሲያናግረን ከአጥር ማዶ ላለ ከብት እንደሚጣራ ነው። ሜዳው በበረዶ ስለተሸፈነ የምንለማመደው አዳራሽ ውስጥ ነው። እኔ እንደ ድሮዬ ተቀባይ ነኝ፤ ከመቺው ጀርባ ቁጢጥ ብዬ ወርዋሪው የላከውን እይዛለሁ። ወርዋሪዎቻችን የገበሬ ልጆች ናቸው። ክንድ አላቸው፤ ኳሱ ወዴት እንደሚሄድ ግን እነሱም አያውቁ፣ እኔም አላውቅ።

ምግቡ ብዙ ነው፣ ጣዕም የለውም። ሙዝ ተቀቅሎ፣ ተፈጭቶ ቁርስ ይሆናል ብላቸው እንደ ውሸታም አዩኝ።

ነፃ ትምህርቴ የአንድ ዓመት ነው። ሁለተኛውን ዓመት የሚፈቅደው አሰልጣኙ ነው፤ የሚወስነውም የጨዋታው ወቅት ሲያልቅ፣ በሜይ ነው። ካልፈቀደልኝ ለማንጎ ለቀማ እደርስልዎታለሁ ማለት ነው።

ልጅዎ ቲኖ ያለበት ብራንት ክሪክ ከእኛ በአውቶቡስ ግማሽ ቀን ይወስዳል። የመለመለን ሰውዬ ሁለታችንንም ከአንድ ሜዳ አንስቶ፣ እሱን ለሀብታሙ ኮሌጅ፣ እኔን ለፌንጣዎቹ ሰጠ። በማርች መጨረሻ እንጋጠማለን። የራሱን ወሬ እሱ ራሱ ይጽፍልዎታል ብዬ ዝም ብያለሁ።

አክባሪዎ
ራዳሜስ


ሎማ ቢኤሃ፣ ባኒ
ማርች 9 ቀን 1986

ልጄ ራዳሜስ፣

እግዚአብሔር ይባርክህ፤ የአልታግራሲያ እመቤታችንም ከዚያ ብርድ ትጋርድህ።

ደብዳቤህ ዶን ሴኖን ሱቅ በር ላይ ለሰፈሩ ሁሉ ተነበበ። ፌንጣ ሲባል ዶን ሴኖን ከወንበሩ ሊወድቅ ነበር። አትሳቁ ብሏል ብላቸው ጭራሽ ባሰባቸው።

«እሱ ራሱ ይጽፍልዎታል» አልክ? እሰይ! ከሄደ ጀምሮ አንዲት መስመር አልጻፈልኝም። ጎረቤት «ቲኖ ምን አለ?» ሲለኝ «ደህና ነኝ አለ» እላለሁ። በስተርጅና ዋሾ ሆንኩልህ። ምን ጠየቅኩት? ቤት አልሠራህልኝም አላልኩት። ሲገባ «እማ ባርኪኝ»፣ ሲወጣ «እማ ባርኪኝ» እያለ ያደገ ልጅ ባሕር ሲሻገር አፉ ተዘጋ?

እህቴ ሞታ አንተ ወደ ቤቴ ስትገባ የሱን ሳህን ለሁለት ከፍዬ ነው ያበላኋችሁ። ዛሬ የሚጽፍልኝ አንተ ነህ። የእናት ሆድ ዥንጉርጉር ይላሉ፤ አንተ ደግሞ ከሆዴም አልወጣህ።

ትዝ ይልሃል? ከካልሲ የሰፋሁላችሁን ኳስ ይዞ ሊወረውር ሲል፣ አንተ ከበሩ ጀርባ ተደብቀህ በኔ ድምፅ «እግዚአብሔር ይባርክህ፣ እግርህን ታጠብ!» ትለው ነበር። እሱም እንደ ግንድ ቀጥ! ዳኛዋ እኔ ነበርኩና ለአንተ ወገን ነጥብ እቆጥርልህ ነበር። ሕግ ሕግ ነው፤ ወርዋሪ መወርወር ጀምሮ ካቆመ ቤዝ በምንለው ማዕዘን ላይ ያለ ሯጭ ሁሉ አንድ ቤዝ በነፃ ያልፋል። «የገዛ እናቴ!» እያለ እንዴት ያለቅስ ነበር!

ሁለት ነገር ላክልኝ። አንደኛ የሱን ወሬ። ሁለተኛ አንድ ያረጀ ኳስ፣ የእውነተኛውን። ስፌቱን ፈትቼ ማየት እፈልጋለሁ። ዕድሜ ልኬን የተማሪ ልብስ ስሰፋ ኖሬ የዚያን ነገር አሰፋፍ ሳላውቅ መሞት አልፈልግም።

አክስትህ ኦሊምፒያ


ኤልስፎርድ
ኤፕሪል 2 ቀን 1986

ለተከበሩ አክስቴ፣

ምርቃትዎ ካለሁበት ይድረሰኝ። ከዚህ ጋር አንድ ኳስ ልኬያለሁ። የመጀመሪያውን ቤዝ የሚጠብቀው ዱዌን ከአባቱ በቆሎ ማሳ ውስጥ ያገኘው ነው፤ ክረምቱን ሙሉ ውጭ ያደረ ኳስ ነው።

የቀረውን ዶን ሴኖን ሱቅ እንዳያስነብቡት እለምንዎታለሁ።

ቅዳሜ ከብራንት ክሪክ ጋር ተጋጠምን። በረዶው ቀልጦ ሜዳው ጭቃ ነበር፤ ስቴግማን ቤንዚን አርከፈከፈበትና በእሳት አደረቀው። ቀኑን ሙሉ የተቃጠለ ሣር እያሸተትን ተጫወትን። ቲኖ ወረወረ። ሰባት ለባዶ ተሸነፍን።

ቀጥታ ኳሱ በርትቷል። ጠማማው ግን ሌላ ነገር ሆኗል፤ ከትከሻ ተነስቶ ጉልበት ላይ ይወርዳል። ሁለት ጊዜ ተራ ደርሶኝ ሁለቴም አየር መትቼ ተመለስኩ። በሦስተኛው ኳሱን ትቼ ፊቱን አየሁ። ከሚወረውርበት ጉብታ ላይ ቆሞ ከንፈሩን አንቀሳቀሰ። አክስቴ፣ ያንን ከንፈር በጨለማም አውቀዋለሁ። «እማ ባርኪኝ» ነው ያለው። ቀጥሎ ጠማማው መጣ። እኔ ዱላዬን ትከሻዬ ላይ እንዳደረግኩ ቆሜ አየሁት፤ ዳኛው አስወጣኝ።

ከዚያ በኋላ አግዳሚ ወንበር ላይ ሆኜ ተከታተልኩት። ቀጥታውን ሲወረውር አፉ ዝም ነው፤ በክንዱ ይተማመናል። ጠማማውን ሊወረውር ሲል ብቻ እርስዎን ይጠራል። አንድም ጊዜ አላጎደለም።

ሲያልቅ አውቶቡሳቸው ጋ ሄጄ አገኘሁት።

«ለምን አትጽፍላትም?» አልኩት።

«ትልቅ ክለብ ሳያስፈርመኝ ምን ብዬ ልጻፍ? ይበርዳል ልበላት?»

«ይበርዳል በላታ። እኔም የምላት እሱን ነው።»

«አንተ ምን አለብህ፣ ፌንጣ!» ብሎኝ አውቶቡሱ ውስጥ ገባ።

ስለ ከንፈሩ አልነገርኩትም። ራሱም የሚያውቀው አይመስለኝም። ብቻ እንዳልረሳዎት ይወቁት ብዬ ነው።

አክባሪዎ
ራዳሜስ


ሎማ ቢኤሃ
ኤፕሪል 15 ቀን 1986

ራዳሜስ፣

እግዚአብሔር ይባርክህ ልጄ፣ ወሬ አብሳሪ ያድርግህ።

ብቻዬን አነበብኩት። ደግሜ አነበብኩት። አልቅሼ ስጨርስ ፊቴን ታጠብኩና አንድ ነገር መጣብኝ። ይሄን ከንፈር ካንተ ሌላ ማን አይቷል?

ጥያቄ ብቻ ነው። አፍ ሲከፈት ጭንቅላት ይታያል ይባላል፤ የኔው ልጅ ደግሞ ሲከፍተው ኳሱ ታየ። ሰው የኛን ቋንቋ ባያውቅ ዓይን አለው።

ልጽፍለት ወረቀት አወጣሁ። ምን ልበለው? «ልጄ፣ ምርቃቴን መጠየቅ ተው» ልበለው? እጄ እንቢ አለኝ። ወረቀቱን መሳቢያ ውስጥ መለስኩት።

ኳሱን ፈታሁት። ክር ነው፣ ክር በክር፣ መሃሉ ላይ ትንሽ ቡሽ። ስፌቱ ግን የዋዛ አይደለም፤ በሁለት መርፌ ባንዴ የሚሠራ ነው። መልሼ ሰፍቼ ለሰፈር ልጆች ሰጠኋቸው። ማንጎው ዘንድሮ ቅርንጫፉን ሊሰብር ነው።

መልሱን አታዘግይ።

ኦሊምፒያ


ኤልስፎርድ
ኤፕሪል 29 ቀን 1986

ለተከበሩ አክስቴ፣

ይባርኩኝ፣ ስለዘገየሁም ይቅር ይበሉኝ። ወሩን የኖርነው አውቶቡስ ላይ ነው።

ፌንጣዎቹ መዝለል ጀምረዋል። ከዚያ ቅዳሜ ወዲህ ያሸነፈን የለም ማለት ይቻላል። ወርዋሪዎቹ ኳሱ ወዴት እንደሚሄድ አሁንም አያውቁም፤ እኔ ግን ማወቅ ጀምሬያለሁ። ገበሬዎቹ ጭነት መኪናቸውን አጥሩ ሥር አቁመው፣ ጥሩ ስንጫወት ጥሩምባ ይነፋሉ። ይህ ኮሌጅ ከተሠራ ጀምሮ ዋንጫ አይቶ አያውቅም። የዱዌን አባት ቀድሞ እዚሁ ተጫውቶ ነበር፤ እሱም አላየም።

የመጨረሻው ጨዋታ ሜይ 17 ነው፤ ከብራንት ክሪክ ጋር። የሚወረውረው ቲኖ ነው። ከአንድ ትልቅ ክለብ መልማይ ይመጣል፤ የሚመጣውም ለሱ ነው። ያን ቀን ካሸነፈ ያስፈርሙታል ይባላል።

ስቴግማን ጠራኝ። የሱፍ ፍሬ እያኘከ ነበር።

«ራዲ፣ ከዚያ ወርዋሪ ጋር ነው አሉ ያደግከው?»

«አዎ ጌታዬ፣ ባንድ ቤት።»

«እና ምን ታውቃለህ?»

«ግራኝ ነው።»

«እሱን ሚስቴም ታውቃለች!» ልጣጩን ተፋ። «ስማ። በመኸር ከኦክላሆማ አንድ ተቀባይ ይመጣል። ያለኝ ቦታ አንድ ነው። ሌላ ነገር ትዝ ካለህ በሬ ክፍት ነው።»

ሌላ ማን አይቷል ላሉኝ፣ እስከ ዛሬ ማንም። እነዚህ ሰዎች የሚያዩት የወርዋሪ እጅ ነው። ራሳቸው ከቤት ሲወጡ እናታቸውን ምርቃት አይጠይቁም፤ በሩን ዘግተው ይሄዳሉ። ስለዚህ ከንፈር ማየት ከየት ይምጣላቸው?

ለስቴግማን ብነግረው ቦታዬ ይጸናል፤ የቲኖም ኳስ መልማዩ ፊት ይደበደባል። ባልነግረው ማንጎ ለቀማ ነው። ምን እንደማደርግ አልጻፍኩልዎትም፤ አላውቅማ። ይህን ያልኩት ምክር ፈልጌ አይደለም።

አክባሪዎ
ራዳሜስ


ሎማ ቢኤሃ
ሜይ 10 ቀን 1986

ልጄ፣

እግዚአብሔር ይባርክህ። ይሄ የሚደርስህ ምናልባት ካለፈ በኋላ ነው፤ ፖስታ ቤቱ እንደሆነ የኤሊ ዘመድ ነው።

ምክር አልፈለግኩም ስትል መፈለግህ ገባኝ። እኔ ግን የለኝም። አትንገር ብልህ አንተን ከትምህርትህ ላስቀር ነው። ንገር ብልህ ልጄን በገዛ አፉ ላስበላው ነው። እህቴም ከላይ ሆና ታየኛለች። ሆድ ይፍጀው ብዬ ተቀምጫለሁ።

አንድ ነገር ብቻ። በሱ ላይ እንደፈለግህ ተጫወትበት፤ ጨዋታ ነው። በምርቃቴ ግን አትጫወትበት።

ኦሊምፒያ


ኤልስፎርድ
ሜይ 21 ቀን 1986

ለተከበሩ አክስቴ፣

ይባርኩኝ ብዬ ልጀምር ብዕሬን አነሳሁና አፈርኩ። ቢሆንም ይባርኩኝ።

የሜይ 10 ደብዳቤዎ ዛሬ ጠዋት ደረሰኝ። ጨዋታው ቅዳሜ አልፏል። የሆነውን እንደሆነ እጽፍልዎታለሁ።

ለስቴግማን አልነገርኩትም። ይህን አስቀድመው ይወቁልኝ። ጠዋት ዓይን ዓይኔን አየኝ፤ እኔ ጎንበስ ብዬ ጫማዬን አሰርኩ።

ሜዳው የሌላ ከተማ ሜዳ ነበር፤ በዕጣ መጨረሻ የመምታት ተራ ለእኛ ወጣ። መልማዩ የገለባ ባርኔጣ አድርጎ ከአጥሩ ጀርባ ተቀምጧል። ቲኖ ድንቅ ነበር። እኛም ተንፏቀን፣ ወድቀን፣ ኳሱን በደረታችን እያስቆምን እስከ መጨረሻው ዙር ሁለት ለሁለት ደረስን። በመጨረሻው ዙር ዱዌን ሦስተኛው ቤዝ ላይ ቆመ። ከዚያ እኔ ወደቆምኩበት ወደ ቤት ከገባ አንድ ነጥብ ነው፤ ዋንጫውም የኛ። ሁለት ሰው ወጥቶብናል፤ ተራው የኔ ሆነ።

ሁለት ቀጥታ ኳስ ላከብኝ፤ ሁለቱንም ሳትኩ። ሦስተኛውን ከሳትኩ እወጣለሁ። ቲኖ ኳሱን ጓንቱ ውስጥ አገላበጠ፣ ወደኔ አየ፣ ከንፈሩ ተንቀሳቀሰ። እማ ባርኪኝ። ክንዱ መነሳት ጀመረ።

ከየት እንደሚመጣ፣ የት እንደሚወርድ አወቅኩ። ብመታው በእርስዎ ምርቃት የሰረቅኩት ነው። ባሳልፈው እነዱዌንን መካድ ነው። ይህን ያሰብኩት ግን አሁን ስጽፍ ነው፤ ያን ጊዜ ምንም አላሰብኩም። አፌ ቀደመኝ። በእርስዎ ድምፅ፣ ከበሩ ጀርባ እንደማደርገው፣ «እግዚአብሔር ይባርክህ፣ እግርህን ታጠብ!» አልኩት።

ቲኖ ቀጥ አለ። ክንዱ አየር ላይ፣ ኳሱ እጁ ውስጥ።

ዳኛው ወርዋሪው ጀምሮ አቁሟል አለና ዱዌንን ወደ ቤት አስገባው። የብራንት ክሪክ አሰልጣኝ እየጮኸ ወጣ። «በቃል አታለለው! መቺ ወርዋሪን በቃል ማስቆም ክልክል ነው!» እውነቱን ነው፤ ክልክል ነው። ዳኛው ወደኔ ዞረ። እሁድ እሁድ የሚሰብክ የሚመስል ሽማግሌ ነው።

«ልጄ፣ ምን አልከው?»

«ባረክሁት፣ ጌታዬ።»

«ምን አደረግከው?»

«ባረክሁት።»

ወደ ቲኖ ሄደ፤ ሁላችንም ተከተልነው። ቲኖ «አታለለኝ» ቢል ነጥቡ ይሰረዝ ነበር፤ ጨዋታው ይቀጥል ነበር፤ መልማዩም እዚያው ነው። አሰልጣኙ «ንገረው! ንገረው እንጂ!» ይላል። ቲኖ ኳሱን ሲያገላብጥ ቆየ።

«ባረከኝ» አለ።

«ሌላስ?»

«እግርህን ታጠብ አለኝ።»

ዳኛው ጭንብሉን አውልቆ ራሱን አከከ። «እኔ ባደግኩበት አገር ይሄ ክልክል አይደለም» ብሎ ከሜዳው ወጣ።

ፌንጣዎቹ አንዱ ባንዱ ላይ ተከመሩ። የዱዌን አባት አጥር ዘሎ ሱሪውን ቀደደ። በኋላ ሁለቱ ቡድኖች ተሰልፈን ስንጨባበጥ ቲኖ ጋ ደረስኩ። እጁን ሰጠኝ፣ ዓይኑን አልሰጠኝም። «ታጥቤያለሁ» አለኝና አለፈ። መልማዩ ቀድሞ መኪናውን አስነስቶ ሄዷል።

ስቴግማን አውቶቡስ ላይ አጠገቤ ተቀመጠ። «ምን እንዳልከው አላውቅም። ለሚመጣው ዓመትም ብታዘጋጀው ጥሩ ነው» አለኝ። ቦታዬ ጸንቷል ማለት ነው።

ላስጠነቅቀው ይሁን ላሸንፈው፣ እርስዎ ይፍረዱ። በምርቃትዎ ተጫወትኩበት። ደብዳቤዎ ቀድሞ ቢደርስ አፌን እይዝ ነበር ብዬም አልምልልዎትም።

ራዳሜስ


ኤልስፎርድ
ጁን 22 ቀን 1986

ለተከበሩ አክስቴ፣

ይባርኩኝ። መልስ አልደረሰኝም። ፖስታ ቤቱ ነው ብዬ ራሴን አታልያለሁ። በጋውን የዱዌን አባት ጋ ድርቆሽ እየጫንኩ ነው። ለቲኖ የከንፈሩን ነገር ጭምር ሁለት ጊዜ ጻፍኩለት፤ እሱም ዝም ነው።

ራዳሜስ


ሎማ ቢኤሃ
ጁላይ 13 ቀን 1986

ራዳሜስ፣

ደብዳቤዎችህ ደርሰውኛል። ፖስታ ቤቱን አትማው፤ ዝም ያልኩህ እኔ ነኝ። መርፌ ባነሳሁ ቁጥር አንተን ውጊው ውጊው ይለኝ ነበር። በኔ ድምፅ፣ በኔ ቃል፣ ልጄን ከጉብታው አወረድከው! የእህቴን ፎቶ አንስቼ «ልጅሽ ይሄን ሠራኝ» ብያታለሁ። እሷ እንደሆነች ለአንተ ማድላቷ የታወቀ ነው።

ባለፈው ሳምንት ዶን ሴኖን ሱቅ ስልክ ተደወለልኝ። ሮጥኩ፤ በዚህ ጉልበት። ገና ጆሮዬ ላይ ሳስጠጋው «እማ ባርኪኝ!» አለ። ጮክ ብሎ ነው፤ ሱቁ ሁሉ ሰማ። «እግዚአብሔር ይባርክህ» አልኩት። ዶን ሴኖን የግድግዳውን ሰዓት ያያል።

«አልፈረምኩም፣ እማ።»

«ሰምቻለሁ።»

«ሌላ ዓመት እወረውራለሁ። ከእንግዲህ አፌን በጓንት እሸፍናለሁ።»

«ሸፍን፤ እኔ ፊት ግን እንዳትሸፍን» አልኩት። ከዚያ ጠየቅኩት። «የራዳሜስን ተንኮል ከሕፃንነትህ ታውቀዋለህ። ለምን ቆምክ? እሺ ቆምክ፤ ለምን አታለለኝ አላልክም?»

ምን አለኝ መሰለህ? «እማ፣ ዓመቱን ሙሉ ስጠይቅ አንድ ሰው መልሶልኝ አያውቅም። ያን ቀን መልስ መጣ። እንዴት እየወረወርኩ እቀበለዋለሁ? ደግሞስ፣ ተባርኬ አልተባረክሁም ልበል?»

ስልኩን ከዘጋሁ በኋላ ዶን ሴኖን ውሃ ሰጠኝ። እኔ እዚህ ረሳኝ እያልኩ ለጎረቤት ስዋሽ፣ ልጄ እዚያ ብርድ ላይ ቆሞ ይጠይቀኛል፤ የሚመልስለት የለም። ምን ላድርግ፣ አልሰማሁትማ። የሰማኸው አንተ ነህ። የመለስክለትም አንተ ነህ። ንዴቴ አለቀ ብለህ ግን አትሞኝ፤ ለገና ሁለታችሁም ትመጣላችሁ፣ ጆሮህንም እቆነጥጠዋለሁ።

ኳስ ከእንግዲህ አትላክ፤ በሰፋሁት ኳስ የሰፈር ልጆች መስኮቴን ሰብረውታል። ለቲኖ ሦስተኛ ጻፍለት፤ አሁን ይመልስልሃል።

እግዚአብሔር ይባርክህ፣ ልጄ። ይሄኛው ከራሴ አፍ ነው። እግርህን ታጠብ።

ኦሊምፒያ